ጉድጓድ ቁጥር ዐሥራ አራት

አትላንታ፣ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ
ኅዳር ፭ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለእድላዊት

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕር ያነሣሁት በሦስት ምክንያት ነው፦ በደኅና ቤቴ መግባቴን ላስታውቅሽ፣ የወይን ክልላችሁን ወሰን የሚመለከተውን ጥናት ፈርሜ ልልክልሽ፣ ስለ ስድስተኛው ምዕራፍ ላቀረብሽልኝ ጥያቄም ቁርጥ ያለ መልስ ልሰጥሽ።

አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ቢነሣም በሰላም ገብቻለሁ። አርባ አራት ዓመት በትዳር የታገሠችኝ አበዛሽ ግን ጫማዬን በረንዳ ላይ አስወልቃ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት በግብርና ሚኒስቴር አፈር ስትቀይስ የበላህ ጭቃ አልበቃ ብሎህ፣ በሰባ ሦስት ዓመትህ ኒው ዮርክ ድረስ ሄደህ ትንበረከካለህ?» አለችኝ። ጉልበቴም ለእርሷ ወግኖ ነበር።

ወደ ወሰኑ ልመለስ። አንቺና ጎረቤቶችሽ ገበሬዎች ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለው ተዳፋት «ስቶን ሾልደር» በሚለው ስሙ ራሱን የቻለ የወይን ክልል ሆኖ በመንግሥት እንዲታወቅ ስታመለክቱ፣ ማመልከቻውን የሚያቆሙት የአየር ጠባዩና አፈሩ ብቻ ናቸው። አባቶቻችን አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብለው ሲከፍሉ የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም፤ ብርዱንና አዝመራውን አይተው ሰየሙት። እኔም በሁለት መጸው ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ሐይቁ ጥልቅ ስለ ሆነ በብርዱ ወራት በረዶ ሆኖ አይጋገርም። በሙቀቱ ወራት ያጠራቀመውን ሙቀት ቀስ እያለ ለተዳፋቱ ይመልሳል፤ ብርዱ ሲያልፍ ደግሞ የራሱ ቅዝቃዜ እንቡጡን ያዘገየዋል፤ እንቡጡ የሚፈነዳው ውርጩ ካለፈ በኋላ ነው። ብርድ አየር እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ተዳፋቱን ተከትሎ ሐይቁ ላይ ስለሚወርድ ተክሉን አይጎዳውም። ከሥር ያለው ስብርባሪ ድንጋይ ውሃ ስለማይቋጥር ሥሩ ወደ ታች ለመቆፈር ይገደዳል። ፍሬውም ኮምጣጣነቱን ሳይጥል በዝግታ ይበስላል። እዚህ አትላንታ፣ በቀይ ሸክላና ፀሐይ ገብታም በማይበርድ አየር፣ ይህ አይታሰብም።

ከመስመሬ ውጭ ያደረግሁት አንድ ቦታ አለ፤ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ የአፈር ክምር የታገተው ስርጉድ መሬት። ብርዱ አየር ከላይ ወርዶ ክምሩን መሻገር ስለማይችል እዚያው ይተኛል። ጎረቤትሽ ወይዘሮ ኬለር አርባ ዓመት የያዙት የውርጭ ደብተር የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ጉድጓድ ቁጥር ፲፬ን አትረሺውም፤ አርባ ሴንቲ ሜትር ሳንደርስ ውሃ አገኘን፤ አፈሩም የዛገ ነቁጥ ያለበት ግራጫ ሸክላ ነበር። መዝገቡን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። «ጋሼ፣ ይህም ይጻፍ?» አልሽኝ፤ «ያየሽውን ሁሉ ጻፊ» አልሁሽ። ወይን ተተክሎበት አይቻለሁ። የማን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም፤ አንቺም አልነገርሽኝም። የአፈር ቀያሽ መስመሩን ሳይጨርስ የባለ መሬቱን ስም መጠየቅ የለበትም።

ስድስተኛው ምዕራፍ ስለ ወይን ጠጁ ጣዕምና ጠረን የሚናገር መሆኑን ገልጠሽ፣ አነብበው እንደ ሆነ ጠይቀሽኛል። አልጠጣም፤ ስለ መጠጥ የተጻፈውን ማንበብም ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ የሆነው አቶ ፍስሐ ብራያርክሊፍ መንገድ ካለው ሱቅ በር ላይ አግኝቶኝ፣ «ጋሽ ታደገ፣ የኖኅን እርሻ ሲቆፍሩ ከረሙ አሉ!» ብሎ ሰው እስኪሰማ ሣቀብኝ። «እኔ የቆፈርሁት አፈሩን ነው፤ ኖኅ ስካሩን ያወጣው ከጉድጓድ አይደለም» ብዬ አለፍሁት። ይህን ያህል መታገሤ ይበቃኛል። ስለዚህ ከምዕራፍ አንድ እስከ አምስት ያለውን ቃል በቃል አንብቤ አርሜያለሁ፤ ስድስተኛውን ግን ሳልገልጥ የመጨረሻውን ገጽ ፈርሜልሻለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ሥራ ያላነበብሁት ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅም። አሁንም የፈረምሁት ለመሥሪያ ቤት ሳይሆን ላንቺ ነው።

ያለፈው ደብዳቤሽ በቀይ ብዕር ታርሞ ከዚህ ጋር ተመልሶልሻል። «ሰብሚት እናደርጋለን» የሚባል አማርኛ የለም፤ «እናቀርባለን» በይ።

አጎትሽ
ታደገ

*

ኒው ዮርክ፣ ከሐይቁ ዳር
መስከረም 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ጋሼ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። እትዬ አበዛሽንም እንኳን አደረሰዎት ይበሉልኝ። ይህን ያህል ወር ስለ ጠፋሁ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ለመጻፍ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አንድ ነገር ይጠራኛል፤ ትራክተሩ ይበላሻል፣ ሠራተኛ ይቀራል። ሰበብ እንደሚሉት ዐውቃለሁ።

የምሥራች አለኝ። ፔቲሽኑ፣ ይቅርታ፣ ማመልከቻው ጳጉሜ 2 ቀን በመንግሥት ታትሞ ወጥቷል። አሁን ማንም ሰው እስከ ጥቅምት 28 ቀን ድረስ አስተያየት መጻፍ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ይጸድቅልናል። ሰፈሩ ሁሉ ደስ ብሎታል። የምሠራበት እርሻ ባለቤት «አጎትሽ ባይኖሩ ይህ አይሆንም ነበር» እያለ ለሁሉም ያወራል።

ስለ ግንቦቱ ብርድ ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ውርጭ ነበር፤ ግን ተርፈናል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ቅጠል እንኳ አልጎደለበትም። ልክ እንዳሉት ሆነ። የማመልከቻው ቅጂ ይላክልኝ ያሉትንም አልረሳሁም፤ ፕሪንተሩ ተበላሽቶብኝ ነው።

ወይዘሮ ኬለር ደኅና ናቸው። ትንሽ ተቀያይመናል፤ የአጥር ነገር ነው፣ ያልፋል። እባክዎ እርሳቸው ቢጽፉልዎ ብዙ አያስቡበት፤ እርጅናም አለ።

ዘንድሮ ለለቀማው እመጣለሁ ያሉትን ሳስብ ሰነበትሁ። ጋሼ፣ ባይመጡ ይሻላል። ጉልበትዎን ያሳርፉ። መንገዱም ረጅም ነው። በሚቀጥለው ዓመት እኔው ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ።

ደብዳቤዬን አርመው ይላኩልኝ። ቀዩን ብዕር ናፍቄያለሁ።

ልጅዎ
እድላዊት

*

አትላንታ፣ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ
መስከረም ፲፱ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.

ለወይዘሪት እድላዊት

ብዕር ያነሣሁት ስለ አንድ ዐረፍተ ነገር እርስዎን ለመጠየቅ ነው። ዐረፍተ ነገሩ የሚገኘው በታተመው ማመልከቻ፣ በስድስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነው።

ቅጂው የደረሰኝ ከእርስዎ አይደለም፤ ወይዘሮ ኬለር ልከውልኛል። አብሮት የመጣው ደብዳቤያቸው አጭር ነው። ስለ እርጅናቸው አላነሡም፤ ስለ አጥርም አንድ ቃል የለበትም። «አቶ ታደገ፣ ደብተሬን ምን አደረጉት?» ይላል፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። አርባ ዓመት በየማለዳው ቴርሞሜትር እያዩ የጻፉትን ደብተር፣ ገጾቹ እንዳይረጥቡ በፎጣ ጠቅልለው በእጄ ሲሰጡኝ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ነበር። እኔ ግን መልሱን አላውቀውም ነበር።

ስለዚህ ስድስተኛውን ምዕራፍ አነበብሁት። ዲኬተር ካለው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስለ ወይን ጠጁ ጠረን በሚናገሩ ሁለት አንቀጾች መካከል እንዲህ የሚል ተቀምጧል፦ «ከሐዲዱ ኋላ ያለው ማሳ የተዳፋቱን የአየርና የአፈር ባሕርይ ስለሚጋራ፣ ወሰኑ ማሳውን ጨምሮ የሐዲዱን ክምር ይዞ ይሄዳል፤ ይህም በአፈር ባለሙያው ተረጋግጧል።»

ተረጋግጧል! በማን? እኔ ስለ ስርጉዱ ያረጋገጥሁት ነገር ውሃ መቋጠሩን ነው። ከጀርባው የተያያዘውን የጉድጓዶች ዝርዝርም ተመለከትሁ። ከቁጥር ዐሥራ ሦስት ቀጥሎ ቁጥር ዐሥራ አምስት ይመጣል። ዐሥራ አራተኛውን የቆፈርሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። የመዘገቡት ደግሞ እርስዎ በራስዎ ጽሕፈት ነው። የተቆፈረ ጉድጓድ ከመሬት አይጠፋም፤ ከወረቀት ላይ ሲጠፋ ግን ያጠፋው ሰው አለ።

ከምዕራፍ አንድ እስከ አምስት ያለው ሳይነካ እንዳለ ነው። በአራተኛው ምዕራፍ መስመሬ በነበረበት ቆሟል። ታዲያ ይህ ቃል ከሁሉም ገጽ መካከል እኔ የማልገልጠው ገጽ ላይ እንዴት ሊገኝ ቻለ? እንደማልገልጠው ከእርስዎ በስተቀር በጽሑፍ የነገርሁት ሰው የለም።

እኅቴ የሺእመቤት ባረፈች ጊዜ እርስዎ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ቤቴ አስገባሁዎት። ወደ መስክ ስወጣ ከላንድሮቨሩ ኋላ ተቀምጠው በአፈር ከረጢቶቹ ላይ ቁጥር ይጽፉ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ከረጢት ተቀላቅሎብዎት አልቅሰው፣ «ጋሼ፣ የትኛው የየትኛው እንደ ሆነ አላውቅምና ሁለቱንም ይድፉት» አሉኝ። ደፋሁት፤ አርባ ኪሎ ሜትር ተመልሰንም አዲስ ናሙና አመጣን። እኔ የማውቃት ልጅ እርሷ ነበረች። አሁን የምጽፍላቸውን ሰው ግን ስለማላውቃቸው፣ «አንቺ» ብዬ ለመጥራት ብዕሬ አልታዘዘኝም።

ከሐዲዱ ኋላ ያለው ማሳ የማን ነው? በግንቦቱ ውርጭ ምን ደረሰበት? ዘንድሮ እንዳልመጣ የተመከርሁት ለጉልበቴ ታስቦ ነው ወይስ ለዓይኔ? መልሱ በጽሑፍ ይድረሰኝ። በስልክ የተነገረ ነገር አይነበብም፤ እኔም ሳላነብ መቀበልን ትቻለሁ።

ያለፈውን ደብዳቤዎን ሳላርም መልሼዋለሁ። በቋንቋው ውስጥ ያለው ስሕተት ጥቂት ነው።

ታደገ

*

ኒው ዮርክ፣ ከሐይቁ ዳር
መስከረም 26 ቀን 2009 ዓ.ም.

ጋሼ

እባክዎ አንቺ ይበሉኝ። ይስደቡኝ፣ ግን አንቺ ብለው ይስደቡኝ። ደብዳቤዎን ከፖስታ ሣጥኑ አውጥቼ «ለወይዘሪት» የሚለውን ሳይ መንገድ ዳር ቁጭ አልሁ። አንድ መኪና ቆሞ «ደኅና ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ማሳው የእኔ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገዛሁት፤ እርስዎ እዚህ ከመምጣትዎ በፊት። ማንም የማይፈልገው መሬት ስለ ነበር የእኔ አቅም የሚደርሰው እርሱ ብቻ ነበር። ሜዳ ነው፣ ለሥራ ይመቻል ብዬ ደስ አለኝ። እርስዎን ልጠይቅ ነበር፤ ግን ጨርሼ፣ ተክዬ፣ አሳምሬ ላሳይዎ ፈለግሁ። ስድስት መቶ ተክል በራሴ እጅ ተከልሁ። ስሙን «የሺ» አልሁት። በእናቴ ስም ማለት ነው። እናቴ በዚህ ምድር ላይ ስሟ የተጻፈበት ነገር የላትም። ስሟ ጠርሙስ ላይ እንዲጻፍ፣ ከሥሩም የአገሩ ስም እንዲኖር ነበር ምኞቴ። ክልሉ ውስጥ ካልገባ ግን «ስቶን ሾልደር» ብሎ መጻፍ አይፈቀድም።

ጉድጓድ 14ን ሲቆፍሩ የሜትሩን ጫፍ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ጫፉ ከእጄ ሲያመልጥ አይተው «በረደሽ?» አሉኝ። «አዎ፣ በረደኝ» አልሁ። ያን ጊዜ ልነግርዎ እችል ነበር። ግን ብነግርዎ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብሁ፤ ወይ መስመሩን እዚያው ያሰምሩታል፣ ወይ ደግሞ ለእኔ ብለው ያዛውሩታል። ሁለቱንም ፈራሁ። የትኛውን የበለጠ እንደ ፈራሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የጠየቁኝን በግልጽ ልመልስ። ቃሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ስድስተኛውን ሳይገልጡ መፈረምዎን ከጻፉልኝ በኋላ፣ እንደማያነቡት ዐውቄ ነው እዚያ ያስገባሁት። ከሌሎቹ ገጾች ሁሉ ውስጥ ልደብቀው የምችልበት አንድም መስመር አልነበረም። ከምዕራፍ አንድ እስከ አምስት ፊደል እንኳ ለመንካት እጄ እንቢ አለኝ። ቁጥር 14ንም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በግንቦት 8 ማለዳ ወጥቼ ሳየው፣ ከሐዲዱ ኋላ ያለው እንቡጥ ሁሉ ጠቁሯል፤ በእሳት የተለበለበ ይመስል ነበር። ሃምሳ እርምጃ ከፍ ብሎ የወይዘሮ ኬለር ረድፍ አረንጓዴ ነው። ወይዘሮ ኬለር አጥሩ ጋ ቆመው አዩኝ። ዘንድሮ ከየሺ የለቀምሁት አንድ ቅርጫት አልሞላም። እንዳይመጡ የነገርሁዎ ይህን እንዳያዩብኝ ነው። ለጉልበትዎ አልነበረም።

አንድ ልመና አለኝ። ዝም ይበሉልኝ። ጥቅምት 28 እስኪያልፍ ብቻ። ከወይዘሮ ኬለር በቀር ያስተዋለ ሰው የለም፤ እርሳቸውም እርስዎ ካልጻፉ አይጽፉም። እርስዎ ፊርማዬን አንሥቻለሁ ካሉ ግን ማመልከቻው ሁሉ ይወድቃል። ዐሥራ አንድ ቤተሰብ ነው፣ ሦስት ዓመት የደከሙበት። እኔም ከዚህ አገር መውጣት አለብኝ፤ በማን ፊት እቆማለሁ? የእርስዎስ ስም ቢሆን? ሳያነቡ ፈረሙ አይባልም?

ይህን የመጨረሻውን መስመር ከጻፍሁት በኋላ ልሰርዘው ነበር። ተውሁት። ያየሽውን ሁሉ ጻፊ ብለውኝ ነበር።

ይቅር ይበሉኝ።

እድላዊት

*

አትላንታ፣ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ
ጥቅምት ፬ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.

እድላዊት

ብዕር ያነሣሁት ዝም እንድል ለለመንሽኝ መልስ ልሰጥሽ ነው። መልሱ፦ ዝም አልልም።

«አንቺ» ብዬ የጻፍሁት ስለ ለመንሽኝ አይደለም። ያለፈውን ደብዳቤ ጽፌ ሳነብበው፣ የማላውቀውን ሰው እንደዚያ መቆጣት እንደማልችል ተረዳሁ። የከዳኝ የማውቀው ሰው ነው።

«ሳያነቡ ፈረሙ አይባልም?» ላልሽኝ፣ ይባላል፤ ተብሏልም። ያለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ እኔው ራሴ ተናገርሁት። ያልመረመርሁትን «መርምሬአለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ስሜን አኑሬአለሁ አልኋቸው። አቶ ፍስሐ ስለ ኖኅ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሣቀም። እስከ መኪናዬ ድረስ ሸኝቶኝ፣ «ጋሽ ታደገ፣ ልጅቷ አሁን ማን አላት?» አለኝ። ቢሣቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ሐፍረቴን መያዣ አድርገሽ ልታስፈራሪኝ አትችዪም፤ አውጥቼዋለሁና። ለወይዘሮ ኬለርም ጽፌላቸዋለሁ፦ ደብተርዎን በእውነት ተጠቅሜበታለሁ፤ ከእኔ በኋላ ግን ያለ እውነት ጥቅም ላይ ውሏል። በማን የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ። የምትሞዪው አንቺ ነሽ።

እኔን የሚያሳምመኝ መስመሩ መዛወሩ አይደለም። በሥራ ዘመኔ ሚኒስትር ሳይቀር መስመር አዛውር ብሎኝ ያውቃል፤ እምቢ ማለትን ለምጄዋለሁ። ሰው የቤቱን በር በአንድ በኩል ሳይዘጋው ቢተው፣ ያን በር ለሚያምነው ሰው ብቻ ነው የሚያሳየው። አለማንበቤን ለሌላ ሰው ብነግር ይሣቅብኛል ብዬ ለአንቺ ብቻ ነገርሁሽ። አንቺ ደግሞ ስትገቢ በዚያው ገባሽ። መጠጡን አልነካሁም፤ ጽሑፉንም አልነካሁም፤ በዚህ ንጹሕ ነኝ እያልሁ ዓመት ሙሉ ስጸልይ፣ በዚያው ንጽሕና ሥር ውሸት አስቀምጠሽብኝ ነበር።

ሆኖም ስለ ራሴም አንድ ነገር ልጽፍ ይገባኛል። ስድስተኛውን ምዕራፍ ለሁለተኛ ጊዜ አነበብሁት። «እርጥብ ድንጋይ፣ ያልበሰለ ፖም፣ የሎሚ ልጣጭ» ይላል። ከዚያም የላይኛው ረድፍ ፍሬ ከታችኛው ለምን እንደሚለይ፣ ስብርባሪ ድንጋዩ የቀጠነበት ቦታ ጣዕሙ እንዴት እንደሚሳሳ ይተነትናል። እኔ በጣቴ ያገኘሁትን ልዩነት ሌሎች በምላሳቸው አግኝተውታል። መስመሬን ከዚያ ምዕራፍ የበለጠ የሚደግፍልኝ ጽሑፍ አልነበረም። ባነበው ኖሮ ቃልሽን መደበቂያ ማሳጣት ብቻ ሳይሆን ለራሴም ሥራ ምስክር አገኝ ነበር። አለማንበብን እንደ ቅድስና ቆጠርሁት፤ ለካ ስንፍናም ነበረበት። ምዕራፉን በደንብ ጽፈሽዋል። ከዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር በቀር የምሰርዘው የለኝም።

«የሺ» ብለሽ ስለ ሰየምሽው ማሳ የጻፍሽውን ለአበዛሽ አነበብሁላት። ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ ጓዳ ገባች፤ እስከ ምሳ አልወጣችም። ስትወጣ፣ «የእኅትህ ልጅ ናት» አለች። «ዐውቃለሁ» አልኋት። «ታዲያ?» አለችኝ። «ታዲያ የእኅቴ ስም ውሸት ላይ አይጻፍም» አልኋት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በረንዳ ላይ ሆና በስልክ እንደምታነጋግርሽ ዐውቃለሁ፤ አልከለክላትም።

ብትነግሪኝ ኖሮ መስመሩን የት ባሰመርሁ? ያው በነበረበት። ለአንቺ ብዬ አላዛውረውም ነበር፤ ይህን በመጠራጠርሽ ከሁሉ በላይ ተዋርጄአለሁ። ነገር ግን በዚያው ቀን ከሐዲዱ ክምር ላይ ወጥቼ የምትሠሪውን አሳይሽ ነበር። አሁን በወረቀት እነግርሻለሁ። ክምሩ በሰሜን ጫፉ፣ አሮጌው የውሃ መውረጃ ካለበት አጠገብ፣ ስስ ነው። ባለ መብቱ ከፈቀደልሽ በዚያ በኩል ዐሥር ሜትር ያህል ክፈቺው፤ ብርዱ አየር መውጫ ያገኛል። ከክምሩ ሥር የበቀለውን ቁጥቋጦ መንጥሪው፤ እርሱም አየሩን ያግተዋል። ለውሃው በጉድጓድ ፲፬ አቅጣጫ ቦይ ቅደጂ። ከዚያ እንደ ወይዘሮ ኬለር ቴርሞሜትር ሰቅለሽ በየማለዳው ጻፊ፤ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለራስሽ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደብተርሽ ስርጉዱ ተለውጧል ካለ፣ የወሰን ማሻሻያ የሚጠየቅበት ሕግ አለ። ሸክላው ግን ሸክላ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን አልዋሽሽም። እስከዚያ የእናትሽን ስም በጠርሙሱ ላይ ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ ከሥሩ የአገሩን ስም መጻፍ ብቻ ነው የማትችዪው። የሺእመቤት የራሷ ያልሆነውን ስም ለብሳ አታውቅም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀቶች ታገኛለሽ። አንደኛው በአመልካች ስም፣ ማለትም በአንቺ ስም፣ ለመሥሪያ ቤቱ የሚጻፍ የእርማት ማስታወቂያ ነው። «በስድስተኛው ምዕራፍ የገባው የወሰን መግለጫ ያለ ባለሙያው ዕውቅና በእኔ የተጨመረ ነው፤ ወሰኑ በምዕራፍ አራት እንደ ተጻፈው ይጽና፤ ከዝርዝሩ የጎደለው ጉድጓድ ቁጥር ዐሥራ አራትም ይመለስ» ይላል። ይህ ከሄደ ማመልከቻው አይወድቅም፤ ዐሥራ አንዱም ቤተሰቦች ስማቸውን ያገኛሉ። ከክልሉ ውጭ የሚቀርብሽ ማሳሽ ነው፤ ልታጪው የምትችዪው ደግሞ የሰዎቹን ፊት ነው። ሁለተኛው ፊርማዬን ያነሣሁበት የራሴ ደብዳቤ ቅጂ ነው። ዋናው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ታሽጎ፣ ቴምብር ተለጥፎበት ተቀምጧል። ያ ከሄደ የሚወድቀውን አንቺው ራስሽ ቆጥረሽ ጽፈሽልኛል።

ይቅርታ ጠይቀሻል። ይህን ደብዳቤ ለዚያ አልጻፍሁትም፤ እንዳለኝ ሆኜ የሌለኝን ልልክልሽ አልችልም። የእርማቱን ማስታወቂያ በእጅሽ ከገለበጥሽው፣ ከፈረምሽበትና ለመሥሪያ ቤቱ ከላክሽው፣ ያን ጊዜ ስለ ይቅርታ እንጻጻፋለን። ከረጢቱን ከደፋን በኋላ አርባ ኪሎ ሜትር እንደ ተመለስን አትርሺ። ያን ቀን አልተቆጣሁሽም፤ ምክንያቱም የነገርሽኝ አንቺ ነበርሽ።

መልስሽ ከተላከው እርማት ቅጂ ጋር እስከ ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም. ድረስ በእጄ ይግባ። ካልገባ ቅዳሜ ጠዋት ፖስታ ቤቱ ሲከፈት ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ይዤ በሩ ላይ እገኛለሁ። በስልክ አታድርጊው፤ በአበዛሽም በኩል አትላኪው። በራስሽ ጽሕፈት ጻፊልኝ። የገጹ ብዛት ስንትም ቢሆን፣ የሚናገረውም ስለ ምንም ቢሆን፣ አንድም ሳላስቀር አነበዋለሁ።

ታደገ